«በልክ የተሰፋ እውነተኛ ቆዳ» እየተባለ በጥቅል ስለሚሸጠው የአሮጌ መኪና ፎደራ ማስጠንቀቂያ

ይህን የምጽፈው አሮጌ መኪናቸውን በገዛ እጃቸው ለማደስ ለሚደክሙ፣ በተለይም ወንበሩን ቤታቸው ሆነው አዲስ ፎደራ ሊያለብሱ ላሰቡ ሰዎች ነው። «ለመኪናዎ ሞዴል በልክ ተቆርጦ የተሰፋ፣ እውነተኛ ቆዳ፣ ልክ እንደ ፋብሪካው፣ ያለ ባለሙያ በአንድ ቀን የሚገጠም» ተብሎ ከስፖንጁና ከማሰሪያው ጋር በአንድ ካርቶን የሚሸጥ ፎደራ አለ። እኔም እ.ኤ.አ. በ1967 ለተሠራችው ቮልስዋገን ቢትል፣ ብዙዎቻችን በአጭሩ ቮልስ ለምንላት መኪና፣ ይህንኑ ገዝቼ ነበር። ገንዘቡ አልተመለሰልኝም። ከገንዘቡ ይልቅ የሚቆጨኝ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ የቆየውን የአሽከርካሪውን ወንበር ልብስ በችኮላ ቀድጄ መጣሌ ነው። የሻጩን ስም የማልጠቅሰው ልሸፍንለት ፈልጌ አይደለም፤ ይኸው ዕቃ፣ በዚያው ፎቶግራፍና በዚያው የመመሪያ ወረቀት፣ በተለያየ ስም ሲሸጥ ስላየሁ አንዱን ስም መጥራት ገዢውን ወደ ሌላው ከመላክ ያለፈ ጥቅም የለውም። ዕቃውን ራሱን መለየት ይሻላል።

ስለ ዕቃው ከማውራቴ በፊት ስለ ሽያጩ ውል ልናገር፤ ወጥመዱ የተዘረጋው እዚያ ላይ ነውና። ማስታወቂያው በትልልቅ ፊደል ዕቃው በመጋዘን ተዘጋጅቶ እንደሚገኝና በታዘዘበት ዕለት እንደሚላክ ይናገራል። ከታች በትንንሽ ፊደል የሰፈረው የመመለሻ ደንብ ደግሞ ፎደራው «በደንበኛው ትእዛዝ የተሠራ በመሆኑ» ገንዘብ እንደማይመለስበት፣ ጉድለት ቢገኝበት እንኳ «አንዴ ወንበር ላይ ከገባ» አቤቱታ እንደማይቀበሉ ያትታል። ተሰፍቶ መደርደሪያ ላይ የሚጠብቅ ዕቃ ለእኔ ተብሎ የተሠራ ሊሆን እንደማይችል ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም ነበር፤ እኔ ግን ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን አላነበብኳቸውም። ሁለተኛው ነጥብ ደግሞ የባሰ ነው። ፎደራ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ሁልጊዜ ያማረ ነው፤ ማጠሩ፣ መጣመሙና የስፌቱ መላላት የሚታወቀው ወንበሩ ላይ ገብቶ ሲወጠር ብቻ ነው። እንግዲህ ጉድለቱን የሚያሳየውም መግጠም፣ መብትን የሚያሳጣውም መግጠም ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ዓይነት ደንብ ያለበትን ፎደራ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ አትግዙ።

ልኩን በተመለከተ፣ ማስታወቂያው «ከ1960ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ላሉ ሞዴሎች ሁሉ» ይላል። ይህ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ቢትል እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2003 ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፤ ከውጭ ሲያዩዋት ያልተለወጠች ትምሰል እንጂ ወንበሯ ብዙ ጊዜ ተለውጧል። ለምሳሌ ለአሜሪካ ገበያ በ1968 ሞዴል የፊት ወንበሮቹ መደገፊያ እስከ ጭንቅላት ድረስ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ የ1967ቱ ግን ትከሻ ላይ የሚያበቃ አጭር መደገፊያ ነው። በዚያ ላይ የፋብሪካው የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በነሐሴ አካባቢ ስለነበረ በ1967 መጨረሻ የተመረተች መኪና የ1968 ሞዴል ተብላ ትቆጠራለች። ስለዚህ «የስንት ዓመተ ምሕረት መኪና ነው?» ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሻጭ የወንበሩን ዓይነት ሊያውቅ አይችልም፤ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የወንበሩን ፎቶግራፍና ቢያንስ አራት አምስት ልኬት የሚጠይቅ ከሆነ ግን ሥራውን የሚያውቅ ነው። የኔው ሻጭ ከዓመተ ምሕረቱ በቀር የጠየቀኝ የቀለም ምርጫዬን ብቻ ነበር።

የመጣልኝ ፎደራ በመደገፊያው ትከሻ ላይ ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል፤ ወገቡ ላይ ደግሞ ሰፍቶ ይሸበሸባል። ስልክ ስደውል «ፀሐይ ላይ አስጡትና ሞቅ ሲል ጎትቱት፣ ይለጠጣል» አሉኝ። ምክሩ በከፊል እውነት በመሆኑ ነው ሰው የሚያሳስተው። ቪኒል፣ ማለትም ቆዳ መሰሉ ፕላስቲክ፣ ሲሞቅ በእርግጥ ይለሰልሳል፤ በልኩ የተቆረጠ ፎደራ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢቀረው በሙቀት እየተባበለ ይገባል፤ ባለሙያዎቹም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በስህተት የተቆረጠን ልክ ግን ሙቀት አያቃናውም። በግድ ቢጎተት ውጥረቱ በሙሉ በስፌቱ ቀዳዳዎች ላይ ያርፍና ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፎደራው በስፌቱ መስመር እንደ ቴምብር ይቀደዳል። የእኔ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ነው የተቀደደው።

አሁን ወደ ቆዳው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው በዚህ ነውና ትንሽ ልቆይበት። በመጀመሪያ «እውነተኛ ቆዳ» እና «ልክ እንደ ፋብሪካው» የሚሉት ሁለት ተስፋዎች ለዚህች መኪና አብረው አይሄዱም፤ ቮልስ በብዛት ከፋብሪካ የወጣችው ቪኒል ወይም ጨርቅ ለብሳ ነው። ጥሩ ቪኒል የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ውኃ አያስገባም፣ በቀላሉ ይጸዳል፣ የኔው የመጀመሪያ ልብስም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የቆየው በቪኒልነቱ ነበር። ቪኒልን ቆዳ ብሎ መሸጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በኔ ካርቶን ውስጥ የነበረው ደግሞ ጥሩ ቪኒል እንኳ አልነበረም። የጎንና የጀርባው ክፍል ስስ ቪኒል ሲሆን፣ «እውነተኛ ቆዳ» የተባለው የመቀመጫው ገጽ ከቆዳ ፋብሪካ የተረፈ ቁርጥራጭ ተፈጭቶ፣ ከማጣበቂያ ጋር ተቦክቶ፣ በጨርቅ ላይ ተለጥፎ፣ ከላይ ፖሊዩሪቴን በሚባል ፕላስቲክ ተቀብቶ የቆዳ መልክ የታተመበት ነገር ነው። ቆዳ አለበት ወይ ቢባል አለበት፤ ሳጋቱራ ተጨፍልቆ የተሠራ ጣውላ እንጨት አለበት እንደሚባለው ማለት ነው።

ይህ ዓይነቱ ዕቃ አዲስ ሲሆን እጅግ ያማረ ነው፤ ገጹ ለስላሳ፣ ቀለሙም ወጥ ነው። ነገር ግን በሚታጠፍበት ቦታ፣ በተለይም ሰው ሲገባና ሲወጣ ጭኑ በሚያሻሸው ጠርዝ ላይ፣ ቅቡ ይሰነጠቅና እንደ አሮጌ ቀለም እየተላጠ ይረግፋል። ርካሽ ፖሊዩሪቴን በእርጥበትና በሙቀት ራሱን እያፈረሰ የሚሄድ ስለሆነ መኪናው ቆሞም ቢሆን መላጡ አይቀርም። ቪኒል የሚሞተው በሌላ መንገድ ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይት መሰል ንጥረ ነገር ቀስ በቀስ እየተነነ ይደርቃል። አዲስ ፎደራ ባለበት መኪና የፊት መስታወት ላይ ከውስጥ በኩል እንደ ጭጋግ የሚለጠፈው ቅባት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። ፎደራው በገባ በመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ቀናት መስታወቱ በወፍራሙ ከተሸፈነ ዕድሜው አጭር መሆኑን ከወዲሁ መገመት ይቻላል።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየት ገጹን መዳሰስም ማሽተትም አይበቃም፤ የቆዳ ሽታ በጠርሙስ ይሸጣል። የውስጥ ጀርባውን ግለጡና እዩ። የእውነተኛ ቆዳ ጀርባ ጨርቅ የሌለው፣ በጣት ሲያሻሹት ጥቃቅን ክር መሰል ጭረቶች የሚነሱበት ነው፤ ሽመና ወይም መረብ የመሰለ ጨርቅ ከታየ ግን ዕቃው ጨርቅ ላይ የተለጠፈ ነው። ከስፌቱ ትርፍ ጠርዝ የጥፍር ያህል ቆርጣችሁ ከቤት ውጭ በፒንሳ ይዛችሁ ማቃጠልም ይቻላል፤ ቆዳ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፣ ወደ አመድም ይለወጣል፣ ፕላስቲክ ግን ይቀልጣል፣ ይንጠባጠባል። በዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ እውነተኛ ቆዳም ቢሆን ለመኪና ሲዘጋጅ ከላይ ስስ የፕላስቲክ ቅብ ስለሚደረግለት እሳቱን ከገጹ በኩል ካስጠጋችሁ ያሳስታችኋል። የሚለበለበው የጀርባው ጭረት መሆን አለበት። ተፈጭቶ የተለጠፈውም ዓይነት ጥቂት የጸጉር ሽታ ሊኖረው ስለሚችል ከሽታው ይልቅ ጨርቁንና መቅለጡን እመኑ።

ስፖንጁ ሌላው የማታለያ ቦታ ነው። ማስታወቂያው «5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ምቹ» ይላል እንጂ ስለ እፍጋቱ አንድ ቃል አይናገርም። ውፍረት፣ ጥንካሬና እፍጋት ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ወንበሩ ከዓመት በኋላ ጎድጉዶ መቅረት አለመቅረቱን በዋናነት የሚወስነው እፍጋቱ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ሚዛን ብቻ ይበቃል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ 0.0125 ሜትር ኩብ ነው። ለመኪና መቀመጫ የሚስማማው በሜትር ኩብ ከ45 እስከ 55 ኪሎ ግራም የሚመዝን ስለሆነ ይህ ቁራጭ ከ560 እስከ 690 ግራም ሊመዝን ይገባዋል። የኔው 240 ግራም ሆነ፤ ይህም በሜትር ኩብ 19 ኪሎ ግራም ገደማ ማለት ነው። ለዕቃ ማሸጊያ የሚሆን እንጂ ሰው የሚቀመጥበት አይደለም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው የሞላዎቹ ክብ ቅርጽ ከታች እየወጣ ይቆረቁረኝ ጀመር።

ለዚህ አንዱ ምክንያት የመመሪያ ወረቀቱም ጭምር ነው። በእነዚህ መኪኖች ከሞላው በላይ ጆንያ ወይም ወፍራም ሸራ፣ ከዚያም በላስቲክ ሙጫ የተያያዘ የኮኮናት ቃጫ አለ፤ የሞላው ሽቦ ስፖንጁን እንዳይቆርጠው የሚከላከለው ይህ ነው። ወረቀቱ ግን «አሮጌውን ቆሻሻ በሙሉ አውጥተው ይጣሉ» ካለ በኋላ በምትኩ ምንም አይሰጥም። ቃጫው እየረገፈ ዱቄት ከሆነ መጣሉ ተገቢ ነው፤ ሞላውና ስፖንጁ ግን መሃላቸው ያለ አንዳች ጠንካራ ጨርቅ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም።

ስለ ክሩ በአጭሩ፦ ለመኪና የሚሆነው ወፍራም የፖሊስተር ክር ነው፤ ናይለንም ጠንካራ ነው፣ በፀሐይ ግን ፈጥኖ ይደክማል። የጥጥ ክር ለዚህ አይሆንም። ስፌቱ በጣም ከጠበበም መጥፎ ነው፤ በቪኒል ላይ በየ2 ሚሊ ሜትሩ የተወጋ ስፌት ጠንካራ ይመስላል እንጂ መቀደጃ መስመር አበጅቶ መስጠት ነው፤ ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ርቀት ይበቃል። የኔው ባለ ሁለት ሚሊ ሜትር ነበር፤ እንደ ቴምብር ተቀደደ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ከሻጩ ጋር ወደ ነበረኝ ክርክር ስመለስ፣ የተቀደደውን ፎቶግራፍ አንሥቼ በጽሑፍ አቤት አልኩ። መልሱ ፎደራው ወንበር ላይ እንደገባ ራሴ ማመኔን ጠቅሶ ደንቡን አስታወሰኝ፤ በማካካሻነትም ለሚቀጥለው ግዢዬ ቅናሽ ቀረበልኝ። ስፖንጁን መዝኜ፣ የቆዳውን ጀርባ አሳይቼ በድጋሚ ስጽፍ «የእጅ ሥራ ስለሆነ መጠነኛ ልዩነት ይኖረዋል» ተባልኩ። ከዚያ በኋላ መልስ የለም። ዕቃው በደረሰ ዕለት ማድረግ የነበረብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ካርቶኑን ስከፍት በተንቀሳቃሽ ምስል መቅረጽ፣ ስፖንጁን መመዘን፣ የቆዳውን ጀርባ ማየት፣ ከዚያም ፎደራውን ከአሮጌው ልብስ ላይ ደርቤ ሳላስርና ሳላጣብቅ ልኩን ማየት፣ ጉድለቱንም በዚያው ዕለት በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረብኝ። ከሁሉም በላይ አሮጌውን ልብስ መቅደድ አልነበረብኝም። አሮጌ ልብስ ምንም ያህል ቢነትብ ማስረጃም ነው፣ የልብስ ልክም ነው፤ ስፌቱ በምላጭ ቀስ ተብሎ ሲፈታ እያንዳንዱ ቁራጭ ለአዲሱ መቁረጫ ይሆናል።

እኔን ያዳነኝ የጎኑን ወንበር አለመንካቴ ነው። ልብሱን ፈትቼ፣ በየቁራጩ ላይ የጨርቁን አቅጣጫና ስፌቱ የሚገናኝበትን ቦታ በኖራ ምልክት አድርጌ፣ ካርቶን ላይ ገለበጥኩት፤ ያንኑ አገላብጬ ለአሽከርካሪው ወንበር ቆረጥኩበት። ከዚያ ጥሩ ቪኒልና በሚዛን ያረጋገጥኩትን ስፖንጅ ለየብቻ ገዛሁ። የቤት የስፌት ማሽን ሁለት ድርብ ቪኒል ያለ ችግር ይሰፋል፤ የጠርዙ ገመድ በሚገባበት፣ አራት ድርብ በሚሆንበት ቦታ ግን ይጨነቃል፤ እዚያ ላይ ሞተሩን አስቁሞ መንኮራኩሩን በእጅ ማዞር ግድ ነው። አንድ ቀን አይደለም፤ እኔን ለሁለቱ የፊት ወንበሮች አምስት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል። ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም የሚለኝ ካለ አልስማማም፤ የማይቻለው በዚያ ካርቶን መሥራት ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው። የመጨረሻው ግን የሕይወት ስለሆነ ይህን ፎደራ ቀድማችሁ የገጠማችሁ በተለይ አንብቡት። የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። ከላዩ የወንበሩ የብረት ሞላ አለ። ከባድ ሰው ሲቀመጥ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ከነካ ኤሌክትሪኩ በሞላው በኩል ያልፍና ሽቦው በቅጽበት ይግላል፤ በላዩ ያለው ቃጫ ወይም ስፖንጅ ይያያዛል። በዚህች መኪና ላይ የታወቀ አደጋ ነው፤ ፋብሪካው ለባትሪው መክደኛ ያደረገለትም በዚህ ምክንያት ነው። የካርቶኑ መመሪያ የኋላ ወንበር ሞላ የለበሰውን ሁሉ ገፎ መጣልን ሲያዝ ስለ ባትሪው አንድም ቃል የለውም። ፎደራውን ከሞላው ጋር ለማያያዝ ሻጩ የላከውም በቀለበት ፒንሳ የሚጨመቁትን የብረት ቀለበቶች ሳይሆን የፕላስቲክ ማሰሪያ ነው፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ላልቶ ሲበጠስ የላላ ሽቦ ወደ ታች ሊንጠለጠል ይችላል። ጨርቁም ቢሆን እሳት አይችልም። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1972 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ቁጥር 302 የአሜሪካ የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ የመኪና ውስጥ ልባስ እሳት በደቂቃ ከ102 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይሄድበት ይደነግጋል። የኔ መኪና ከዚያ በፊት የተሠራች ብትሆንም ዛሬ የሚሸጥላት ፎደራ ይህን ማሟላቱን ሻጩን በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ ሌላውን ጥያቄ ሲመልስ ይህን ዘለለው። ከቤት ውጭ ድንጋይ ላይ የለኮስኩት መዳፍ የሚያህል ቁራጭ እየተንጠባጠበ እስከ መጨረሻው ነደደ። የላቦራቶሪ ሙከራ አይደለም፤ ለእኔ ግን በቅቶኛል።

ስለዚህ ዛሬውኑ የኋላውን መቀመጫ አንሡ። የባትሪው መክደኛ በቦታው መኖሩንና መጥበቁን እዩ፤ ከሌለ እስኪገኝ ድረስ ቢያንስ የባትሪው ጫፎች ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ የላስቲክ ቆብ ይሸፈኑ። ባትሪው ከተለወጠ ቁመቱ ከቀድሞው እንዳይበልጥ አረጋግጡ። በሞላው ሥር በባትሪው ትክክል ወፍራም ላስቲክ እሰሩበት፤ የፕላስቲክ ማሰሪያዎቹን እየቆረጣችሁ በብረት ቀለበት ተኩ። ይህ እስኪሆን ድረስ በኋላው ወንበር በቀኝ በኩል ሰው አታስቀምጡ።